ካልቱንና የዱሯ አህያ

ካልቱን ውሃ ሻጭ ነበረች። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ባሉት ዓመታት ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሥር ቀድታ፣ ሁለት የላምባ ቆርቆሮ ሞልታ፣ አህያዋ ላይ ጭና ለቀፊራ ገበያ ሻይ ቤቶች ታደርስ ነበር። ያቺ አህያ ስትሞትባት ታናሽ ወንድሟ ዓብዲ፣ የግመል ነጋዴው፣ ከበረሃ ሌላ አመጣላት። ችግሩ፣ ያመጣት የዱር አህያ ነበረች።

ውብ ፍጥረት ናት፤ ግራጫ፣ እግሮቿ ላይ ካልሲ ያጠለቀች ይመስል ጥቁር መስመር የዞረባት። ውበት ግን ውሃ አይሸከምም። ቆርቆሮውን ሲጭኑባት አጥር ላይ ወረወረችው። ሲመቷት ነከሰች፤ ሲያባብሏት ረገጠች።

«ካልሆነልሽ መልሺልኝ» አላት ዓብዲ። «አውሬ እየገዛ በባቡር ወደ ጅቡቲ የሚልክ ሰው አለ። ከጉዞዬ ስመለስ እወስዳታለሁ።»

«ተወኝ አቦ! ወላሂ አልሰጥም!»

እልህ ብቻ አልነበረም። ካልቱን ወዳታለች። ደግሞስ ያለ አህያ ምን ሠርታ ልታድር ነው?

ጎረቤቷ ጋሼ ክፍሉ አስተማሪ ናቸው። አንድ ቀን የተነከሰ ክንዷን አይተው አዘኑላት።

«አይዞሽ ካልቱን። የዛሬዎቹ አህዮች ሁሉ ዘራቸው ከእንዲህ ዓይነቷ ነው። ጽሑፍ እንኳ ሳይፈጠር፣ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት፣ አንድ ሰው አላመዳቸው። ማን ያውቃል፣ ምናልባት በዚሁ በእኛ በረሃ ይሆናል።»

«ማነው ሰውየው?»

«ስሙን የሚያውቅ የለም።»

«እንግዲያው ሴት ናት» አለች ካልቱን። «ወንድ ቢሆን ስሙን ሳያስነግር ይሞት ነበር?»

ጋሼ ክፍሉ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ካልቱን ግን ነገሩ ከነከናት። ያቺ ሴት ምን ዓይነት ልብ ነበራት? ለማዳ አህያ አይታ አታውቅም፤ ይሆናል ብሎ ያደፋፈራትም የለም። «እኔ እንኳ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሷ ምን ይዛ ጀመረች?» እያለች ስትደነቅ ትውላለች።

ድርቅ ጠናና ወንዙ አሸዋ ላይ የቆፈረችው ጉድጓድ ነጠፈ። ለራሷ ያጣችውን ውሃ ለእንስሳ ከየት ታምጣ? እያለቀሰች ገመዱን ፈታችላት።

«ሂጂ በቃ! እኔ ዘንድ በጥም ከምትሞቺ።»

አህያዋ ወደ በረሃዋ አልሸሸችም። ወንዙን ወርዳ ከመታጠፊያው አለፈችና፣ ካልቱን ቆፍራ በማታውቀው ቦታ አሸዋውን አሸተተች፤ ከዚያም በፊት እግሮቿ ትቆፍር ጀመር። ካልቱን ከኋላዋ ደርሳ ቆመች። አሸዋው ጠቆረ፤ ቀስ እያለ ውሃ አቀረረ። አህያዋ ጠጣች። ካልቱንም በወዲህ በኩል ተንበርክካ በመዳፏ እየዘገነች ጠጣች። አህያዋ አልነከሰቻትም።

ያቺ የጥንት ሴት የሠራችው ያን ጊዜ ገባት። አልጎተተችም፤ ተከትላለች። ካልቱን ወደ ቤት ስትመለስ ገመዱን አጥር ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ ወዲህ አህያዋ ትጀምራለች፣ ካልቱን በአካፋ ታሰፋለች፣ ሁለቱም ይጠጣሉ። ውሃውን ካልቱን ራሷ አንዱን ቆርቆሮ በጀርባዋ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ አንጠልጥላ ትሄዳለች። አህያዋ ባዶ ጀርባዋን ይዛ ከኋላ ትከተላታለች።

«ካልቱን፣ እሷንም እዘያታ!» እያለ ቀፊራ በሙሉ ሳቀባት።

እሷም አብራ ሳቀች። ያቺንስ ሴት ሰፈሯ ስንት ስቆባት ይሆን? ሆኖም ከዚያ ወዲህ ስንት እህል፣ ስንት ጨው፣ ስንት በሽተኛ በአህያ ጀርባ ተጓዘ! ሁሉም ስሟን በማታውቃት ሴት ትዕግሥት ነው። ካልቱን የገዛ እናቷ የሆነች ያህል ኮራችባት።

ዓብዲ ተመለሰ። ወንዙ ዳር አገኛቸውና አህያዋ አንገት ላይ ገመድ ጣለ። ጎተተ። አህያዋ አራት እግሯን አሸዋው ውስጥ ተከለች። ካልቱን ቆርቆሮዋን አመቻችታ መንገዷን ቀጠለች። አህያዋ ራሷን ወዘወዘች፣ ገመዱን አወለቀች፣ ተከተለቻት።

ዓብዲ ከኋላቸው ተጣራ።

«ካልቱን! ከሁለታችሁ አህያዋ ማናት?»

«ለጊዜው እኔ ነኝ» አለች ሳትዞር።

ዓብዲ ገመዱን ጠቀለለ። ሮጦ ደረሰባትና የእጇን ቆርቆሮ ተቀበላት።