የዝገት ልጆች ሁለተኛ አልበም

አናጢው ስም አለው፤ ግን ማንም በስሙ አይጠራውም፣ መጋዝ ነው የሚሉት። መጋዝ ስለሚይዝ እንዳይመስላችሁ። ምላሱ ነው! ሮክ ይሁን ሜታል፣ አንድ አልበም እሱ አፍ ውስጥ ከገባ ፍቅፋቂ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ታዲያ ይሄ ሰው የሚኖረው እህቱ ግቢ ነው፤ መሥሪያ ጠረጴዛውም እዚያው ነው። ክፋቱ፣ የእህቱ ባል ጊታር ይጫወታል። ቀን መኪና ቀለም ይቀባል፣ ከሥራ መልስ «የዝገት ልጆች» ከሚባለው የሜታል ባንዱ ጋር ጊታሩን ያስጮኻል። ግንባሩ ተመልጦ የቀረችዋን ጸጉር ከኋላ ስለሚያስራት ጭራ ይሉታል። የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ መጋዝ ሰው ፊት ቆሞ፣ «እኔ የሰማሁት ድስትና ክዳኑ ተያይዘው ደረጃ ላይ ሲንከባለሉ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ናቸው። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው «ጨው ያቀብለኝ በይው» ይባባላሉ፤ እህትየዋ መሀል ሆና በንዴት ትቃጠላለች።

ሁለተኛው አልበም የደረሰ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እህቱ መላጊያውን ከእጁ ነጠቀችው።

«ስማ፣ አንድ ጡት ጠብተናል። ዛሬ ግን ያንን አፍህን ብትከፍት፣ ባሌ ጠረጴዛህን ከነመሮህ ደጅ ሊጥለው ምሏል። እኔም አልከለክለውም፤ መረረኝ!»

«እና ልዋሽ?»

«ዋሽ የሚል ቃል መች ወጣኝ? ዝም በል!»

«እዚያ ቤት ዝም አይባልም እኮ፣ እህቴ።»

እውነቱን ነው። እዚያ ቤት የሚለው አልበሙ ዛሬ የሚደመጥበትን የሙዚቃ ሸክላ ሱቅ ነው። ባለሱቋ ስድሳ ያለፋት ሴትዮ ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በሩን ዘግታ ለሜታል ወዳጆቿ ወንበር ትደረድራለች። ሸክላው ዞሮ እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሲያልቅ እያንዳንዱ ተነስቶ ልቡ ያለውን ይናገራል። ዝም ያለ፣ ወይ ለዘመዱ ያዳላ፣ ወንበሩን ይነጠቃል። የጥርስ ሐኪሙ አንዴ የእህቱን ልጅ ባንድ ያላግባብ አሞግሶ፣ አራት ቅዳሜ ውጭ ቆሞ በመስኮት ሲያዳምጥ ከርሟል፤ ያውም በዝናብ። መጋዝ ደግሞ ከዚያ ወንበር ሌላ በዚህ ዓለም ደስታ የለውም። እንግዲህ ወይ ወንበሩ ወይ ቤቱ፣ አንዱ መሄዱ ነው።

ሲደርስ ሸክላው ሳይጀመር ወንበርተኞቹን በክርክር ተያይዘው አገኛቸው።

«‹ሰባተኛው መቃብር› የሚባለው ባንድ ድሮ ቀረ!» ትላለች የአውቶብስ ሹፌሯ። «አዲሱ አልበማቸው የሕፃን ማስተኛ ነው። መሪ ይዤ እኮ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር!»

«አንቺ ደግሞ ጆሮሽ ካልደማ ሙዚቃ አይመስልሽም» አላት የጥርስ ሐኪሙ። «የኔ መሰርሰሪያ ካንቺ ባንዶች ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ጥርስ ያድናል።»

«ያንተ ዘፋኞችማ እንደዚያ የሚጮኹት ሳታደነዝዝ ነቅለህባቸው ነው!»

«ዝም!» አለችና ባለሱቋ መርፌውን አሳረፈችው።

መጋዝ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ወይ ጉድ! የፊተኛው አልበም እንደሚባረር ሌባ ይሮጥ ነበር፤ ይሄኛው ተራራ ተነቅሎ የሚራመድ ይመስላል። ጊታሩ ወለሉን ያርሳል፣ ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ ይጣራል። የመጋዝ የክንዱ ጸጉር ቆመ። ሲያልቅ ከሁሉም ቀድሞ ተነሳ።

«አማቼን እንደማልወደው ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ግን በዕድሜዬ አልሰማሁም። ሰውየው ችሎበታል። ጨረስኩ።»

ሹፌሯም ሐኪሙም እንደሱ አሉ። መጋዝ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሳይዋሽ ቤቱ ተረፈለት፣ ወንበሩም አልተነካ!

ያኔ ጭራ ገባ፤ ደንቡ ባለአልበሙ መጨረሻ ላይ መጥቶ ፍርዱን እንዲሰማ ነው። ባለሱቋ «ና፣ ና! አማችህ ሳይቀር አሞገሰህ!» ብላ መርፌውን መለሰችው። ጭራ ጥቂት አዳመጠና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ያንተው ነዋ!»

«የኛ አይደለም! በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ የሚዞር ሸክላ በሠላሳ ሦስት ታዞሩታላችሁ? ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ!»

ለካ ባለሱቋ ትልቅ ሸክላ ሁሉ በቀስታው፣ በሠላሳ ሦስቱ የሚዞር መስሏት ጽሑፉን አላየችውም። ጭራ ራሱ ፍጥነቱን ወደ አርባ አምስት መለሰው። ሙዚቃው ተፈተለከ። ያው ድስት፣ ያው ክዳን፤ ደረጃው ብቻ ነው የረዘመው። ያ ከጉድጓድ የሚጣራ ዘፋኝ እግሯን የረገጧት ድመት ሆኖ አረፈው።

«በል» አለ ጭራ ወደ መጋዝ ዞሮ። «ያንን ያልከውን ድገመው።»

ሁሉም አፉን አፉን አዩት። መጋዝ ጠረጴዛው ትዝ አለው፣ እህቱ ትዝ አለችው። «ደህና ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ምላሱ እምቢ አለች።

«በሠላሳ ሦስት ጌታ ነህ። በአርባ አምስት ግን፣ አማቼ፣ ጊታርህን ሰቅለህ መኪናህን ብትቀባ ለሰፈሩ ጽድቅ ነው።»

«ጠረጴዛህን! ዛሬውኑ!» አለ ጭራ። አረፋ ደፈቀ።

ጠረጴዛው ግን ለአንድ ሰው አይነሳም። እና ቤት እንደደረሱ ሁለቱ ባላንጣዎች ግራና ቀኝ ይዘው፣ እየተሰዳደቡ ከግቢው አወጡት።

«ቀስ በል!»

«አንተ ፍጠን! ከቤቴ መውጣትህ እኮ ነው፣ ሠርግ መሰለህ?»

ደጁ ላይ ሲደርሱ ጭራ ባንዴ ለቀቀው። የጠረጴዛው እግር የመጋዝን አውራ ጣት አገኘው። ጭራ ዞር ብሎም ሳያይ ገባ።

«እህቴ፣ የት ልተኛ?» አለ መጋዝ።

«እዚያ ወንበርህ ላይ ተኛበታ!» ብላ በሩን ጠረቀመችው። ወዲያው ከውስጥ ጊታሩ ተለቀቀ፣ በሙሉ ኃይሉ።

መጋዝ መንገድ ዳር ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ጣቱን ሲያሽ፣ አንዲት መንገደኛ ደንግጣ ቆመች።

«ኧረ እዚህ ቤት ሰው እየተደባደበ ነው! አትገላግላቸውም?»

«አይ እናቴ» አላት። «አማቼ ነው። አልበም አውጥቷል።»