በስልክ እምቢ የሚል የለም

ባሌ አሥራት እምቢ ማለት አይችልም። ስድብ አይደለም፤ ሰውየው ሲፈጠር ይቺ ነገር ተረስታበታለች። ጎረቤት ሶፋ አሸክመኝ ካለው እሺ ይልና ሳምንት ሙሉ ወገቤን ሲል ይከርማል። እዚህ ሰው አገር ለአንድ ቅዳሜ ጀርመንታውን ከተማ ሠርግ፣ ሄርንደን ከተማ ክርስትና ይጠሩታል። ለሁለቱም "አይቀርም!" ይላል። ሁለቱም ጋ አይሄድም፤ ምክንያቱም አሌክሳንድሪያ የሚሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ ያለ ባልደረባው "ቅዳሜን ሸፍንልኝ" ብሎት እሱንም እሺ ብሎታል። እኔ እንዲህ አይነት ነገር አልወድም። ካልኩ አልኩ ነው። ዘመዶቹ "የልዕልት አፍ ሚጥሚጣ ነው" ይሉኛል። ይበሉ።

ልጃችን ኤፍራታ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው መስከረም ከትምህርት ቤት መጥታ ቮለንቲር ላደርግ፣ በነፃ ላገለግል ነው አለችን። ሲልቨር ስፕሪንግ ጠርዝ ላይ ያለችው የኛ ትንሽ ከተማ የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት አላት። እነሱን የሚመርጠው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ነው። ልጆቹ ወደ አሥራ ስድስት ይውረድ ብለው ሲወተውቱ ከርመው ጥያቄው ኖቬምበር ላይ ለሕዝብ ድምፅ ሊቀርብ ሆነ። የቀረው ለመራጩ ሁሉ እየደወሉ "አዎ በሉ" ብሎ መለመን ነው።

"እኔም እንድቆጠር እፈልጋለሁ" አለች በእንግሊዝኛዋ። ዐይኗ ሲያበራ ያየሁት ያን ቀን ነው። ይቺ ልጅ እንዲህ የፈለገችው ነገር ኖሮ አያውቅም።

"እሺ የኔ ልጅ! ጎበዝ!" አለ አሥራት፣ ምን እንደተባለ እንኳን በቅጡ ሳይሰማ።

"እኔ አልስማማም" አልኳት።

"ለምን?"

"ገና ልጅ ነሽ፣ በቃ።"

አኮረፈችኝ። ከዚያ ወዲህ ለምጠይቃት ሁሉ መልሷ "ፋይን" ሆነ። ምሳ በላሽ? ፋይን። በረደሽ? ፋይን። አባቷ ግን ንጉሥ ሆነ። ለቅስቀሳው አማርኛ የሚችል ደዋይ ጠፍቶ ነበርና እሱን ለመነችው። ምን እንዳላት ታውቁታላችሁ።

እኔ የምሠራው ከሱ ፓርኪንግ ፊት ለፊት ያለ ሆቴል ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ስለሆነ ምሳዬን የምበላው እሱ ጋ፣ ሒሳብ በሚቀበልባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲደውል ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ማንም አያነሳለትም። አበሻ የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም። አሥራት መልእክት ይተዋል፤ "አሥራት ነኝ፣ የደብራችሁ ልጅ፣ ደኅና ናችሁ ወይ?" ይላል። ወዲያው ይደውላሉ። ከዚያ ሰላምታው ነው። ልጆቹስ፣ ጉልበቱስ፣ ያ የታመመው ወንድምህስ። ምርጫው የሚመጣው ስልኩ ሊዘጋ ሲል ነው፣ ያውም እንደ አደራ።

"እንግዲህ ልጆቹን እንዳታሳፍሩብኝ!"

"ኧረ በሞትኩት! ካንተ ጎን ነን!"

አሥራትም ደዋዮቹ ሁሉ ስልካቸው ላይ በሚያዩት የመራጮች ዝርዝር ስማቸውን አረንጓዴ ያደርጋል። የሚደግፍ አረንጓዴ፣ የማይደግፍ ቀይ ነው። የሱ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ።

እኔ ገብቶኛል። ከፍትፍቱ ፊቱ እየተባለ ያደገ ሰው፣ የደብሩ ልጅ ደውሎ ሲለምነው ምን ብሎ ፊት ይነሣዋል? ግን ምን አገባኝ ብዬ ምሳዬን በላሁ። ደግሞስ ማኩረፍ ለኤፍራታ ብቻ ተፈቀደ እንዴ?

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አባቷ ሥራ ሄዶ፣ ሁለታችን ቤት ነበርን። ኤፍራታ ስልኳን ይዛ ከክፍሏ እየዘለለች ወጣች። ኩርፊያውን ረስታዋለች።

"እማዬ! የአማርኛው ሰው ሁሉ አዎ ብሏል! የቅስቀሳው አስተባባሪ ለነሱ መደወሉን አቁመን ሌላ ሰፈር እንሂድ አለች። አባዬን ስታር ነው አለችው!"

ሳቄ አመለጠኝ። መሳቅ አልነበረብኝም።

"ምን ያስቃል?"

"ማን ማን ናቸው አዎ ያሉት?"

ስም ጠራችልኝ። ሦስተኛው ላይ ጋሽ ወልደአምላክ ነበሩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በሰበካው ስብሰባ ላይ አርባ ያልሞላው ሰው ሲናገር የሚያማቸው!

"ኤፊዬ፣ እኚህ ሰውዬ ላንቺ ድምፅ ይስጡ? ኡኡቴ! አባትሽን አፍረውት ነው እኮ። ያ ሁሉ አረንጓዴ ጨዋነት ነው።"

"እየቀናሽ ነው" አለችኝ።

"ደውዪላቸዋ! ግን እንደ አባትሽ አትለምኛቸው። እምቢ የሚሉበትን በር ከፍተሽ ጠይቂያቸው። ብዙ ሰው አልተስማማም፣ እርስዎም ባይስማሙ አይከፋኝም በያቸው።"

እልኋ መጣና ደወለች፤ ስፒከር ላይ አደረገችው። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ አንቱና አንተን ታምታታለች፣ ግን ያልኳትን አለች። ጋሽ ወልደአምላክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አይከፋሽም?"

"አይከፋኝም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያስ ልጄ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም።"

"ታዲያ ለአባዬ ለምን አዎ አልከው... አሉት?"

"አባትሽ የተከበረ ሰው ነው። እንዴት ብዬ ላሳፍረው?"

ስማቸውን ቀይ አደረገችው። ቀጥላ ደወለች፤ ቀይ። ደግማ ደወለች፤ ቀይ። አንዳንዱማ እምቢ የሚልበት ቀዳዳ ሲያገኝ እፎይታው በስልክ ይሰማል። "አንቺ ባትጠይቂኝ ኖሮ ተጨንቄ ነበር እኮ!" ያለችም አለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዝርዝሩ በርበሬ መስሎ ነበር። የልጄ ፊት ዐመድ ሆነ። ባልነገርኳት ኖሮ አልኩ በሆዴ።

አሥራት ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቀችው።

"አባዬ፣ አንተስ? እምቢ ብትል አይከፋኝም።"

እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"እንግዲህ... የኔ ልጅ... ትንሽ ብትቆዩ ምን ይላችኋል? ለነገሩ እኔ..."

"ቀይ" አለች፣ እሱንም ቀይ አደረገችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "አንቺ ከመጀመሪያውም ቀይ ነሽ። ግን ለምን እንደሆነ ነግረሽኝ አታውቂም። ገና ልጅ ነሽ ማለት ምክንያት አይደለም።"

ነገርኳት። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ክሊኒክ ይዣት ሄጄ ነበር። ሁለተኛ ልጅ አርግዣለሁ፣ አባቷ ሥራ ላይ ነው፣ አስተርጓሚው ቀርቷል። ሐኪሟ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና ወደኔ ሳይሆን ወደ ልጄ ዞራ ተናገረች። ኤፍራታ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች "እማዬ፣ የቤቢው ልብ አይመታም እያለች ነው" አለችኝ። እኔ ስጮኽ እሷ አላለቀሰችም። እጄን ይዛ ወረቀቱ ላይ የት እንደምፈርም አሳየችኝ።

"ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅ ሆነሽ አታውቂም" አልኳት። "እኛ ነን የነጠቅንሽ። የቤቱን ደብዳቤ የምታነቢው አንቺ፣ ከኢንሹራንስ ጋር የምትጨቃጨቂው አንቺ። አሁን ደግሞ ከተማውን ሊጨምሩብሽ! አንጀቴ አይችልም። ይቺን ሁለት ዓመት እንኳ ልጅ ሁኚልኝ።"

አሥራት በሩ ላይ አንድ ጫማውን ይዞ ቆሞ ያለቅሳል። ኤፍራታ ግን አላለቀሰችም።

"እማዬ፣ እኔ እኮ ተሸክሜዋለሁ" አለች። "አንቺ እምቢ ስላልሽ አይወርድልኝም። እየሠራሁ ነው፤ ሲወስኑ ግን አንቺ ውጪ ጠብቂ እባላለሁ። የጠየቅኩት ይኼን ብቻ ነው።"

ተነሥቼ ወደ ምድጃው ሄድኩ። እኔ፣ አፈ ሚጥሚጣዋ ልዕልት!

ከዚያ በኋላ እስከ ምርጫው ድረስ በራሷ መንገድ ደወለች። እምቢ ያሉትን ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ትሰማለች፣ ትመልሳለች። ጋሽ ወልደአምላክ ክርክሩ ጣማቸውና ራሳቸው እየደወሉ ይሞግቷት ጀመር። እኔንም እንደገና ታናግረኝ ነበር። በኔ ላይ ተስፋ እንዳላት ታስታውቃለች፤ ግን አንድ ቀን አዎ በዪልኝ ብላ አልለመነችኝም።

የምርጫው ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄድኩ። ኤፍራታ ከጓደኞቿ ጋር ቅስቀሳ ከተከለከለበት መስመር ወዲያ ቆማ ወረቀት ታድላለች። ብርዱ አፍንጫዋን አቅልቶታል። እጇን አወዛወዘችልኝ። አዎ ልል ነው የገባሁት፤ እግዜር ያውቃል። ብዕሩን ስይዝ ግን ያቺ ቦርሳ ያዘለች ልጅ መጣችብኝ። እጄን ይዛ እዚህ ጋ ፈርሚ ስትለኝ አየኋት። አልቻልኩም። እምቢ ከሚለው ጎን ያለችውን ክብ አጥቁሬ ወጣሁ።

"እማ?" አለችኝ።

"አዎ ብያለሁ" አልኳት።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሰው ፊት አታቅፈኝም ነበር እኮ! ጓደኞቿን "እናቴ ናት፣ አዎ ብላለች!" አለቻቸው። ለመጠርጠር አንድ አፍታ እንኳን አልቆመችም። አባቷ የሰበሰበውን እሺ መርምሪ ያልኳት እኔ ነኝ፤ የኔን እንድትመረምር ማን ይንገራት?

በማግሥቱ ጠዋት ውጤቱ መጣ። በጥቂት ድምፅ ተሸንፈዋል። ዐይኗ አብጦ ከክፍሏ ወጣች፣ አባቷን ቀና ብላ ሳታየው አለፈችና እኔን ጉንጬን ሳመችኝ። "አንቺ ግን አለሽልኝ" አለች። አሥራት ሻዩን አማሰለ።

ወደ አሌክሳንድሪያ ስንሄድ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ እንደ ልማዱ በመኪና ተጨናንቆ ቆሟል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አሥራት አፉን ከፈተ።

"ልዕልት፣ እንዳትቆጪኝ። እኔ አዎ ነው ያልኩት።"

"ምን?"

"እምቢ ልል ገብቼ የሷ ፊት መጣብኝ። ወረቀት ላይ እንኳን እምቢ ማለት አቃተኝ።"

ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። "ታዲያ ለምን አልነገርካትም?"

"አሁን ብነግራት ታምነኛለች? አንቺ ደስ አሰኝተሻታል፤ ከሁለታችን አንዳችን ካለንላት ይበቃል።"

እኔ እምቢ እንዳልኩ ነገርኩት። ከኋላችን ያለው ሰው ጥሩምባውን ሲነፋብን ነው መንገዱ መከፈቱን ያየነው።

"ዝም በይ" አለኝ ሲወርድ። "በናትሽ፣ በዚህች ነገር እንኳን ዝም በይ። እኔን ብታኮርፈኝ ምንም አልሆንም።"

ቀኑን ሙሉ አንሶላ ሳጥፍ ዋልኩ። ዝም ማለት ለሌላው ሰው እንዴት እንደሚቀለው አላውቅም፤ እኔ ለአንሶላው እንኳን ልነግረው ምንም አልቀረኝ። ለሱ የሚገባውን መሳም ወስጄበታለሁ። እሱ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ስንመለስ ኤፍራታ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ኮቴን ሳላወልቅ ፊቷ ቆምኩ። አሥራት ከኋላዬ እጅጌዬን ጎተተኝ። ነጠቅኩት።

"ኤፍራታ፣ አዎ ያለው አባትሽ ነው። እኔ እምቢ ነው ያልኩት። ዋሽቼሻለሁ።"

እርሳሷን አስቀመጠች። አባቷን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ እኔን አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፣ በእንግሊዝኛ ታጣድፈኛለች ብዬ ነበር። ድምጿ ግን በጭንቅ ነው የተሰማኝ።

"ለምን ነገርሽኝ?" አለችኝ። "ምናለ ዝም ብትይኝ፣ እማዬ?"