ለሟች የተጻፈ ትዳር

አምሳ አለቃ ዘውዴ በሕይወት ሳሉ ጎረቤት ሲያስቸግሩ ኖረው፣ ከጎረቤቶቻቸው አንዷ ሰገነት የመጨረሻ ፈተናዋን ልትፈተን አንድ ቀን ሲቀራት ሞቱ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ቀብሩ ለነገ ከሰዓት ተባለ። ድንኳኑ አቦከር ሰፈር በሚገኘው የጋራ ግቢያቸው መሀል ተተከለና የሰገነት በር ከለቀስተኛው ፊት ለፊት ሆነ። ለቅሶ ባለበት ግቢ በር ዘግቶ ማጥናት ነውር ነው፤ ሟቹን ማንም ባይወደውም ነውር ነው።

ፈተናው የኮሌጁ የጽሕፈት ትምህርት ነው። ባለፈው ዓመት ወድቃበታለች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን አባባል ደግፋችሁ ጻፉ» ሲባል፣ እሷ አባባሉን ብትንትኑን አወጣችው። መምህሩም የተሰጣትን ወገን መደገፍ ያልቻለች መከራከር አልተማረችም ብሎ ጣላት። ዘንድሮ ከወደቀች መመረቅ ቀረ።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ዮሐንስ ጠሯት።

«አንቺ ጽሕፈት አይደል የምትማሪው? የሕይወት ታሪኩን ጻፊልን፤ ነገ ቀብሩ ላይ ይነበባል።»

«ጋሽ ዮሐንስ፣ ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ? የዕድሩ ዕቃ ቤት ድስቱም ወንበሩም ወጥቶለት ባዶ ነው። እዚያ ጻፊ፤ ስትጨርሺ የራስሽን ታጠኛለሽ። ሰው እንዳይገባብሽ ከውጭ እቀረቅረዋለሁ።»

መጽሐፏን በነጠላዋ ሸፍና ገባች። መቀርቀሪያው ከኋላዋ ተሳበ።

ቤቱ ከአንዲት ፍርግርግ መስኮት በቀር ብርሃን የለውም። ነፋሱ ከሸዋ በር በኩል «ድሬ! ድሬ!» የሚሉ የሚኒባስ ረዳቶችን ጩኸት ያመጣል፤ ሌላው ሰው ወደ ድሬ ይሄዳል። ሰገነት የትውልድ ቦታውን፣ የውትድርናውን ዘመን፣ ጡረታውንና ሕመሙን ቶሎ ጻፈችና በፍርግርጉ አቀበለች። ጋሽ ዮሐንስ አንብበው መለሱላት።

«ትዳሩስ?»

«የቱ ትዳር?»

«ከባለቤታቸው ጋር በፍቅርና በመከባበር ኖሩ የሚለው የታለ?»

«ዱላው ሲያርፍ እርስዎም ይሰሙ ነበር፣ ጋሽ ዮሐንስ። አንድም ቀን በራቸውን አላንኳኩም። አሁን መከባበር ብዬ ልጻፍልዎ?»

«ሟች አይወቀስም። ጻፊና ልክፈትልሽ።»

«ካልጻፍኩስ?»

«እንግዲህ ጊዜው ያንቺ ነው» ብለው ሄዱ።

መጽሐፏን ገለጠች፤ ከንዴቷ የተነሣ ፊደሉ አልያዝ አላት። በሩን ደበደበች። ያን ጊዜ አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ ኖሮ ዋይታው ተነሣ፤ የእሷም ድብደባ ደረቱን የሚመታ ሰው ድምፅ መሰለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መስኮቱ ላይ ጥቁር የለበሱት ሚስትየው፣ እማማ ገላነሽ፣ ቆሙ።

«እማማ፣ በእርስዎ ላይ ውሸት አልጽፍም።»

«ስንት ቀብር ሄደሻል? «በፍቅርና በመከባበር ኖሩ» ተብሎ ያልተነበበለት ባለትዳር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየችም።

«እንግዲያው ነገ ሲዘለል ሕዝቡ ዞሮ የሚያየው ሬሳውን አይደለም፤ እኔን ነው። እሱ ቤት ዘግቶ ነበር የሚመታኝ። አንቺ በእውነትሽ አደባባይ ላይ አታስጪኝ።»

ሰገነት ወረቀቱን ገለበጠችና መጀመሪያ ሐሳቡን፣ ቀጥላ ማስረጃውን አሰፈረች። ከዘመቻ ሲመለሱ ለባለቤታቸው ሻርፕ አምጥተዋል፤ እውነት ነው። ሻርፑ የሸፈነውን ሰንበር አልጻፈችም። በሕመማቸው ጊዜ ከገላነሽ ስም በቀር ሌላ አልጠሩም፤ እውነት ነው። ምን እያሉ እንደጠሩ አልጻፈችም። እውነቱን ከወገቡ እየቆረጠች አንዱን በሌላው ላይ ደረደረችው፤ ያማረ ሆነ። አንድም ቃል አላስቸገራትም፤ ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

በፍርግርጉ አነበበችላቸው። እማማ ገላነሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ምነው ይኼንን ሰውዬ ባገባሁ ኖሮ» አሉ።

ጋሽ ዮሐንስ ወረቀቱን ተቀብለው ሲያነቡ ፊታቸው ፈካ። መቀርቀሪያውን ስበው በሩን ከፈቱት።

«እንዲህ ነው እንጂ! በይ ውጪ፤ ይኼን የጻፈች ልጅ ነገ ምን ትወድቃለች።»

ሰገነት በተከፈተው በር ነገ ቃሏን የሚሰሙትን ለቀስተኞች አየች፤ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«ይዝጉት» አለች።