የእማማ ባልዲ ቋንቋ

ለፍላፊት የሚለውን ስም ያወጣላት ልብስ ሰፊው አባቷ ነው። ጥርስ ሳታበቅል ወሬ የጀመረች ልጅ ናት እያለ ለደንበኞቹ ያወራ ነበር። ቻይንኛ እንድትማር ስኮላርሺፕ ደረሳት ሲባል ከቤተሰቡ አንድም ሰው አልተጠራጠረም። ነገሩ መናገር ከሆነ ማን ይችላታል። አባቷም ከሰፈር ሰው ያልነገረው አልቀረም።

ቻይና ስትደርስ ግን ምላሷ ተሳሰረ። ክፍል ውስጥ ሃያ ሰባት ተማሪ ባንዴ ይጮኻል፤ መምህርቷ ድምፁ የት ላይ እንደሚነሳና የት ላይ እንደሚወድቅ በእጇ አየር ላይ እየሣለች ታሳያለች፤ ለፍላፊትም ከሰው ጋር ትጮኻለች። ሱቅ ስትገባ ግን ባለሱቁ እጁን ያወናጭፋል፣ እሷ በጣቷ ትጠቁማለች። ሳሙና ልትገዛ ወጥታ ሻማ ይዛ የተመለሰችበት ቀን አለ። አፍ እያላት ዲዳ ሆነች። ሌላው ሰው ይሄን ችግር ይለዋል፤ ለእሷ ሞት ነበር።

ከአገሯ አብሯት የመጣው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ገና ምንም ሳይማር ዶክተር የሚባል ስም ወጥቶለታል፤ አካሄዱም አነጋገሩም ተምሮ የጨረሰ ሰው ነውና። ማዳመጫ ከጆሮው አይለይም፤ የተቀዳ ድምፅ እየሰማ ብቻውን ያነበንባል። ና እባክህ እናውራ ስትለው "ከማን ጋር እንደምታወሪ ምረጪ" ይላታል። እሱን ብሎ መካሪ እያለች ትስቅበታለች።

እሷም መረጠች። የመረጠችው የዶርሙን የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ስልሳን የተሻገሩ፣ አጠር ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ ናቸው። ባልዲ ከእጃቸው ስለማይጠፋ እሷና ዶክተር እርስ በርሳቸው ሲያወሩ "እማማ ባልዲ" ይሏቸዋል። ከሩቅ ገጠር፣ ከተራራ ሥር ለሥራ ብለው የመጡ ናቸው። ልጆቻቸው በየፊናቸው ስለተበተኑ የሚያዋራቸው ሰው አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ወሬ የጠማቸው ሁለት ሰዎች ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተገናኙ።

ትምህርት ሲያልቅ ለፍላፊት ትወርዳለች። የተማሪውን አንሶላ አንዷ ከወዲህ አንዷ ከወዲያ ጫፍና ጫፉን ይዘው ያራግፋሉ፣ ያጥፋሉ። ሴትዮዋ "ያዢ"፣ "ሳቢ"፣ "ወደኔ ነይ" ይላሉ፣ እሷ ትደግማለች። ከአንሶላ ወደ ጉልበት ሕመም፣ ከጉልበት ሕመም ወደ ሟች ባል፣ ከባል ደግሞ ወደ ምራት ሐሜት ተሻገሩ። በአምስተኛው ወር ቋንቋው ከአፏ እንደ ውሃ ይወርድ ጀመር። ቀልድ ስትነግራቸው እማማ ባልዲ ማጠቢያ ማሽኑን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። "ልጄ፣ አንቺ እኮ እኛው ሰፈር ነው የተወለድሽው" ይሏታል። ከአገሯ ከወጣች ወዲህ ሰው የሆነችው እዚያ ምድር ቤት ነው።

መምህርቷ ይሄን አነጋገሯን ክፍል ውስጥ እንዴት አልሰማችም የሚል ካለ፣ ሃያ ሰባት ሰው ባንዴ ሲጮህ የማን ድምፅ ይለያል። የጽሑፍ ፈተናውን ደግሞ በደህና ነጥብ እያለፈች ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ የቃል ፈተናው መጣ። ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የወደቀ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ነው። ዶክተር የዚያን ቀን ፊቱ አመድ መስሎ ዋለ። ለፍላፊት ግን ፀጉሯን ተሠርታ፣ ደረቷን ነፍታ ገባች። ስለ ቤተሰብሽ ንገሪን አሏት። ስለ አባቷ ሱቅ፣ ልኬቱን ክዶ ሱሪ ጠበበኝ ስለሚል ደንበኛ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትደናቀፍ አወራች። አንደኛው ፈታኝ አፉን በወረቀት ሸፈነ። ሁለተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለፍላፊት ደስ ያላቸው መስሏት ከእማማ ባልዲ የሰማችውን የምራት ቀልድ ጨመረችላቸው።

"ይሄን ማን ነው ያስተማረሽ?" አሏት መሐል የተቀመጡት አዛውንት።

"ዶርማችንን የሚያጸዱት እናት ናቸው" አለች በኩራት።

ወደቀች።

መምህርቷ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ አቆመቻት። "አሥር ዓመት ሳስተምር እንዲህ እየቀለጠፈ የወደቀ ሰው አላየሁም" አለቻት። "የምትናገሪው የአንድ ተራራ ሰዎችን አነጋገር ነው። ከተራራው ማዶ እንኳ የሚሰማሽ የለም። ሌላው መማር ብቻ ነው ያለበት፤ አንቺ መርሳትም አለብሽ። ከሴትዮዋ ጋር ከዛሬ ጀምሮ እንዳታወሪ።"

ድጋሚ ለመፈተን ማመልከቻ መጻፍ ነበረባት፣ ከበቂ ምክንያት ጋር። ታምሜ ነበር እንዳትል ሐኪም ቤት ሄዳ አታውቅም። ዶክተር ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳመጫውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ጥፋቱ ያንቺ ከሆነ ይመልሱሻል" አላት። "የራሳቸው ሠራተኛ ጥፋት ከሆነ ግን መልስ ያጣሉ።"

"እማማ ምን አጠፉ?"

"ስም አትጥሪ። ሠራተኛዋ በይ። ደግሞ ማን አንብቦ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው?"

ሻንጣዋን ይዛ አባቷ ሱቅ ደጃፍ ስትቆም ታያት። ደንበኞቹ ዞር ብለው ሲያዩዋት፣ አባቷም ዓይኑን ወደ ስፌቱ ሲመልስ። ዓይኗን በጨው አጥባ ጻፈች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ በየቀኑ እየጠራችኝ፣ የጥናት ጊዜዬን እየተሻማች፣ የተበላሸ አነጋገር አስለምዳ ለውድቀት ዳርጋኛለች። አንድ ቀን እንኳ ጠርተዋት አያውቁም፤ የምትወርደው ራሷ ነበረች። ዶክተር አንብቦ ሁለት ቦታ አረመላት።

ለድጋሚ ፈተናው ስምንት ሳምንት ተሰጣት። እሷም ማዳመጫ አጠለቀች። በሦስተኛው ቀን ደረጃው ላይ ከእማማ ባልዲ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የምትለውን ስታዘጋጅ ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው፣ ባልዲያቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው አለፏት። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ቀለላት። ከዚያ በኋላ በሕንፃው ውስጥ አላየቻቸውም። ከስፖርት ሜዳው ጀርባ ያሉትን የውጭ ሽንት ቤቶች እንዲያጸዱ አዛውረዋቸዋል ሲባል ሰማች፤ ሰምታም ትምህርቷን ቀጠለች።

አለፈች፣ ያውም ዶክተርን በልጣ። አባቷ በስልክ ከደስታው ብዛት ሳቀ፣ አለቀሰ። ስልኩን ስትዘጋ ግን ይሄን የምሥራች እማማ ስላልሰሙት ደስታዋ አልሞላላትም። ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ሜዳው ሄደች።

እማማ ባልዲ ቧንቧው ሥር መወልወያ እያለቀለቁ ነበር። ሲያዩዋት ግራ ቀኙን ቃኙ። ማንም አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ነው የተናገሩት።

"አለፍሽ?"

"አለፍኩ፣ እማማ።"

እጃቸው እርጥብ ስለነበር በክርናቸው አቀፏት። ከዚያ እጃቸውን ልብሳቸው ላይ ጠርገው፣ ከደረት ኪሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ።

"አውራ ጣቴን ቀለም አስነክተው፣ አስፈርመው የሰጡኝ ነው" አሉ። "ከተማሪ ጋር እንዳታወሪ አሉኝ፣ እዚህም አመጡኝ። ምን አጠፋሁ ብላቸው ወረቀቱ ላይ አለ አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ለሌላ ሰው ማሳየቱን አፈርኩ። እስክትጨርሺ ብዬ ጠበቅኩሽ፤ እስኪ አንብቢልኝ።"

ወረቀቱን ተቀበለች። የማታውቀው አንድም ፊደል የለበትም። በየቀኑ እየጠራችኝ ይላል። የተበላሸ አነጋገር ይላል። ዶክተር ያረማቸው ሁለቱ ቦታዎች እንኳ እንደታረሙ አሉ።

"ምን ይላል ልጄ?"

ለፍላፊት ፈታኞች ፊት እንደቆመች ቀጥ አለች። "የጽዳት ሠራተኛዋ ለብዙ ዓመታት በትጋት አገልግላለች" ብላ ጀመረች። "ዕድሜዋ ስለገፋና ጉልበቷን ስለሚያማት፣ ደረጃ ወደሌለበት ሥራ እንድትዛወር ተወስኗል። ተማሪዎች እንዳያደክሟትም ከእነሱ ጋር ባታወራ ይመረጣል።"

የሚነሳውን ድምፅ አንሥታ፣ የሚወድቀውን ጥላ አነበበችው። መምህርቷ ብትሰማ ሙሉ ነጥብ ትሰጣት ነበር።

እማማ ባልዲ መወልወያውን ቧንቧው ላይ አስደገፉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እኔ እኮ የከሰሰኝ ክፉ ሰው አለ ብዬ፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ስረግመው ከረምኩ" አሉ። "ይቅር ይበለኝ።" ቀጥለው ፊቷን አተኩረው አዩዋት። "አነጋገርሽ ደግሞ እንዴት ያምራል። ሬዲዮ ላይ የሚያወሩትን መስለሻል። አንዴ ድገሚልኝ።"

ወረቀቱን ቀና አድርጋ ያዘች፤ ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ ቃል ሳታዛንፍ ደገመችላቸው።