የጃርቶቹ የድንኳን ጉዞ

ሰውየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውቶቡስ መናኸሪያ አስተዋዋቂ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ ኖሩ። ድምፃቸው ወፍራም ሆኖ ለስላሳ ነበርና፣ አውቶቡሱ ያመለጠው ሰው እንኳ እሳቸውን ሲሰማ ንዴቱ ይበርድለታል ይባል ነበር።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ አንድ አዘጋጅ አፈላልጎ አገኛቸው። የአዘጋጁ ሥራ ከውጭ የሚመጣ የልጆች ካርቱን ወደ እኛ ቋንቋ መመለስ ነው። ካርቱኑ ስለ አንድ የጃርት ቤተሰብ ነበር፤ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች። ሰውየው የአባትየው ድምፅ ሆኑ። ዓመት ሳይሞላ ካርቱኑን የማያይ ልጅ ጠፋ፤ የሰፈሩ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ የገዛ ሚስታቸው ሳይቀሩ «አባ ጃርት» ይሏቸው ጀመር።

ድምፃቸውን የምትቀርጸው ሴት «ጆሮ» ትባላለች። ስሙን ያወጣላት አዘጋጁ ነው። ስቱዲዮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ የጫማ መደብር ነው። የመደብሩ በር ሲከፈት ጆሮ ቀረጻውን አቁማ «ደንበኛ ገባ» ትላለች። ሁሉም ይስቅባታል። ቅጂው ተመልሶ ሲደመጥ ግን የበሩ ሲጥታ አለ።

በስድስተኛው ዓመት «የድንኳን ጉዞ» የተባለው ክፍል መጣ። ጃርቶቹ ጫካ ሊያድሩ ይወጣሉ፤ አባ ጃርት «ድንኳን መትከል ለእኔ ተዉት» ብሎ ይፎክርና አዲሱን ድንኳን በገዛ እሾሁ ወንፊት ያደርገዋል። ከዚያ ዝናብ ይመጣል። ልጆቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ አባትየው ይዘፍንላቸዋል። ተርጓሚው የጻፈው ዘፈን እንደ ደረቅ ዳቦ አልዋጥ ስላላቸው፣ ሰውየው ቤታቸው ወስደው ዕቃ እያጠቡ እንደገና ገጠሙት፦

«ዝናቡ ቢመጣ ድንኳን አለን፣
ድንኳኑ ቢያፈስ ባልዲ አለን፣
ባልዲው ቢሞላ ሳቅ አለን።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ባልዲ፣ ባልዲ! ራሴን አዞረው» ብለው ሚስትየው ለጎረቤት አማርረዋል።

የክፍሉ ግማሽ ተቀረጸ። ዘፈኑና የቀረው ለሐሙስ ተቀጠረ። ማክሰኞ ጠዋት ሰውየው ጢማቸውን ሲላጩ ምላጩ ከእጃቸው ወደቀ፤ ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ እሳቸውም ተከተሉት። ስትሮክ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። የሚባለውን ሁሉ ይረዳሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን «እሺ» ብቻ ሆነ።

አዘጋጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቸኩሏል። «ጣቢያው የትምህርት ቤት እረፍት ሳያልቅ ማሳየት ይፈልጋል» አላት ጆሮን። «ሌላ ተዋናይ አስገብተን ከመጀመሪያው እንቅረጸው።»

«አንድ ሳምንት ስጠኝ» አለችው።

የድሮዎቹን ክፍሎች ሁሉ አወጣች። «ልጆቼ» የሚለውን ከልደቱ ክፍል፣ «አትፍሩ»ን ከጥርስ ሐኪሙ፣ «ዝናብ»ን ከአትክልት ቦታው ቆርጣ ገጣጠመች። ሳምንቱ ሲያልቅ ከፍታ አዳመጠችው። አባ ጃርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ጊዜ ጉንፋን ይዞት ሦስት ጊዜ ይድናል። አጠፋችው።

«ለመሆኑ ለእሳቸው ማን ነገራቸው?» ብላ ጠየቀች።

አዘጋጁ የቡና ስኒውን አሽከረከረ። «እኔ አፌ አልቻለም።»

«እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ።»

ሽማግሌው ወጥ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸው ትራስ ላይ አርፎ አገኘቻቸው። ሚስትየው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ ወንበር ሳቡላት። ጆሮ መንገድ ላይ ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ጋሼ፣ የድንኳኑን ክፍል... ሌላ ሰው ሊሠራው ነው።»

«እሺ» አሉ። ፊታቸው ቀላ። «እሺ! እሺ! እሺ!» በግራ እጃቸው ጠረጴዛውን ሲመቱት ብርጭቆው ዘለለ።

ጆሮ ግራ ገብቷት ወደ ሚስትየው ዞረች። «እትዬ፣ እሺ ብለው ለምን ይቆጣሉ?»

«ይሄ እሺ እንቢ ነው» አሉ ሚስትየው ሳይደነግጡ። «ሦስት ዓይነት ነው፣ ለይቼዋለሁ። አጭሩ እሺ ነው። ሲደጋገም እንቢ ነው። ሲጎተት ደግሞ ሽንት ቤት ነው።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። ጆሮ ከወንበሯ ብድግ አለች። ሳቁ ያው ነው፤ አንድ ክር እንኳ አልጎደለበትም።

«እትዬ! ሳቃቸው እኮ አለ!»

«ሳቁ ምን ይደንቃል፤ ዘፈኑስ? እሱን ልምምድ የምታሠራው ነርስ፣ ንግግርና ዘፈን በአንድ በር አይወጡም ብላኛለች። የንግግሩ ቢጠረቀም የዘፈኑ ገርበብ ብሎ ሊቀር ይችላል አለች።» ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ፣ «ዝናቡ ቢመጣ...» አሉ።

«ድንኳን አለን» ብለው ሽማግሌው ተቀበሉ። በቃላት። ትንሽ ይጎትታሉ፤ ግን በገዛ ድምፃቸው እስከ ሳቁ ድረስ ዘለቁት።

ጆሮ መንገድ ላይ ሆና ለአዘጋጁ ደወለች። ከዘፈኑ ሌላ አሥራ አንድ ንግግሮች ቀርተዋል፤ እነሱንም በዜማ ቢያደርጓቸውስ? አባ ጃርት ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ዘፈኑን አላቆምም ቢልስ? ደግሞ አብዛኛው ትዕይንት ድንኳኑን ከውጭ ስለሚያሳይ አፉ አይታይም።

«ካርቱን እንጂ ኦፔራ አልገዛንም እኮ» አላት።

«አንድ ከሰዓት ብቻ። ካልሆነ አፌን እዘጋለሁ።»

 «አንቺ አፍሽን ከምትዘጊ ይሞከር» አለ አዘጋጁ።

በነጋታው ሽማግሌው ሦስቱን ፎቅ ለመውጣት ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። የጫማ መደብሩ ሻጭ ወንበር ተሸክሞ ተከተላቸውና በየደረጃው መታጠፊያ እያስቀመጠ አሳረፋቸው። ዘፈኑ በአንድ ቀረጻ አለቀ። አዘጋጁ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ አውራ ጣቱን ነክሶ ይሰማ ነበር።

ችግሩ ከዚያ ጀመረ። ሚስትየው ማይክሮፎኑ አጠገብ ቆመው፣ በባላቸው ግራ መዳፍ ላይ ምቱን እየቆጠሩ የመጀመሪያውን መስመር አዜሙላቸው፤ «ገመዱን ያዙ፣ ገመዱን ያዙ።» ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። በሙሉ ድምፃቸው፦

«አውቶቡሱን ያዙ!»

 ሽማግሌው የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት። አንገታቸውን ደፉና መዳፋቸውን ከሚስታቸው እጅ ሊነጥቁ ታገሉ። ሚስትየው አልለቀቁም።

«ሠላሳ ዓመት ሲሉት የኖሩት ቃል ነው፣ ቢቀድም ምን ይገርማል?» አሉ። ሚስትየው አንቱ የሚሏቸው ሲያባብሏቸው ብቻ ነው።

አዘጋጁ በሩን ከፍቶ ገባ። «ጋሼ፣ እኔ እንዳለ ይቆይ ባይ ነኝ። ጫካ መሀል፣ ዝናብ ላይ፣ አባትየው ደንግጦ አውቶቡሱን ያዙ ቢል... ልጆቹ የት አለ አውቶቡስ ብለው ይስቁና ፍርሃታቸው ይለቃል። እርስዎ ካልፈለጉ ግን አሁኑኑ ይጠፋል። የሚስቁት በአባ ጃርት እንጂ በእርስዎ እንዲሆን አልፈልግም።»

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። ጆሮ የቀረጻውን ቁልፍ እንደያዘች ጠበቀች።

«እሺ» አሉ። አጭሩን።

ሦስት ቀን ሠሩ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ወጡ። ሁለቱ እንቢ አሉ፤ ቢለመኑም አልመጡም፤ ለእናት ጃርት ተሰጡ። ክፍሉ የእረፍቱ መጨረሻ ሳምንት ላይ ታየ። አንዳንድ ወላጅ «አባትየው ዛሬ ምን ነክቶት ነው የሚዘፍነው?» ብሎ ደወለ። አንዲት እናት ደግሞ ዝናብ ሲጥል ልጆቿ አልጋ ሥር ይገቡ እንደነበር፣ አሁን ግን «አውቶቡሱን ያዙ!» እያሉ ሶፋ ላይ እንደሚዘሉ ተናገረች፤ ሶፋው አልተረፈም ብላ።

ቀጣዮቹ ክፍሎች ግን መጠበቅ አልቻሉም። አንድ ወጣት ተዋናይ ተቀጠረ። ሽማግሌው ዜናውን በጸጥታ ሰሙ። ካርቱኑ በሚታይበት ሰዓት ግን ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ፤ ሚስትየውም አላስገደዷቸውም።

በወሩ ወጣቱ ተዋናይ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ሽማግሌው የተኙ መሰሉ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«ንግግሩስ ይሁን» አለ ከበሩ ሳያልፍ። «ሳቁ ግን አልወጣልኝ ብሏል። ልጆቹ ያውቃሉ። ጆሮም በየቀኑ ታስደግመኛለች።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በግራ እጃቸው ወንበሩን አመለከቱት።

ወጣቱ ሳቀ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግሞ ሳቀ፤ ደግመው ነቀነቁ። እሳቸው ስቀው አሳዩት፣ እሱ ተከተለ። ሚስትየው ወጥ ቤት ሆነው ብርቱካን ይልጡ ነበር፤ የሁለት ወንዶች ሳቅ ሲፈራረቅ ሰምተው እሳቸውንም ሳቅ አመለጣቸው። ወጣቱ ለአሥረኛ ጊዜ ሲሞክር ሽማግሌው ተቆጡ፤ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ሆዱ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ።

«ከ...» አሉ። ከንፈራቸው ታገለ። «ከሆ... ከሆድህ።»

ዜማ አልነበረውም። ምት የቆጠረላቸውም የለም። ሚስትየው ቢላዋውን አስቀምጠው ወደ ሳሎኑ ብቅ አሉ፤ ሽማግሌው ግን ሚስታቸውንም፣ የተናገሩትንም ልብ ያሉ አይመስሉም ነበር፤ ወጣቱን እንደገና እንዲስቅ በእጃቸው እያጣደፉት ነበር።