ብለምናችሁም እንዳታወርዱኝ

«አውርጂኝ!» አለ ጦጣው የሚሉት ሰውዬ፣ ከታች ገመዱን ለያዘችለት ልጅ፣ ጉንጩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ።

ከታች ሳቅ ፈነዳ። አንጋጠው የሚያዩት ወጣቶች ሆዳቸውን ይዘዋል።

«ይኸው ጀመረ!» አለ አንዱ ጎረምሳ። «እንዳትሰሚው! ብለምናችሁም እንዳታወርዱኝ ብሏል!»

ብሏል። ማን ክፉ መክሮት እንደሆነ እንጃ፣ ከመውጣቱ በፊት ደረቱን ነፍቶ፣ «የሚወጣ ሰው አፉ ፈሪ ነው፤ ጀግናው እጁ ነው። ባለቅስም፣ እናቴን ብጠራም፣ ጫፉን ሳልነካ ገመዱን እንዳታላሉ!» ብሎ አስምሏቸዋል። አሁን ጫፉ ከራሱ በላይ ሁለት ክንድ ያህል ነው፤ ለእሱ ግን ጨረቃ ላይ ያለ ያህል ራቀው። መውጣት አቃተው፣ መውረዱ በሰው እጅ ነው። ገመዱ ወገቡና ጭኑ ላይ ከጠለቀው ቀበቶ ጋር ታስሯል። ጣቶቹ የፕላስቲኩን መያዣ እንደ አባት ርስት ጨብጠው አለቅም ብለዋል።

ጦጣው ያሉት በመውጣቱ ሳይሆን በተንኮሉ ነው። አሮጌ መጋዘን ውስጥ የተሠራው ይህ የአለት መውጣት መለማመጃ ወጣት ጠፍቶበት ሊዘጋ ሲል፣ አሰልጣኟ ምላሱን አይታ ቀጠረችው። በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ «ገደል ላይ ተንጠልጥዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ንስር በክንፉ እየጠፈጠፈ፣ ‹ተነሥ አንተ፣ ረፍዷል!› ብሎ ቀሰቀሰኝ!» ይላል። ወጣቱ ይስቃል፤ እየሳቀም ይመጣል። እስከ ዛሬ «እስቲ አሳየን» ያለው ግን አልነበረም፣ ገመዱን ከያዘችው ልጅ በቀር።

ዝምተኛ ናት። የገመዱን አያያዝ ከአሰልጣኟ ጥንቅቅ አድርጋ ተምራለች፤ መውጣት ሲባል ግን እግሯ ከመሬት አይላቀቅም። እናቷ ጠዋት፣ «ዛሬም ቆመሽ ከዋልሽ ሁለተኛ እዚህ አትረግጪም» ብላ፣ የልጅቷን ቦርሳ ታቅፋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ልጅቷም ጦጣውን፣ «ጋሼ፣ አንተ ከወጣህ እወጣለሁ» አለችው። ታዲያ ፈራሁ ቢል እሷን ሊያጣ ነው፤ ዝም ቢል ጣቶቹ ሊከዱት ነው።

«እቱ፣ የምሬን ነው» አለ ዝቅ አድርጎ።

«የምሬን ነው አለ!» ጎረምሳው መሬት ላይ ተንከባለለ። «ጋሼ፣ ንስሩን እንጥራልህ?»

«ዛሬ ዕረፍት ወጥቷል» አለ ጦጣው፣ ልማድ ሆኖበት። ሳቁ ባሰ። ምላሱን ቆርጦ ቢጥላት በወደደ።

ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እንደምንም ቁልቁል ሲያይ ከልጅቷ ጋር ተያዩ። እሷ አትስቅም።

«የኔ ልጅ፣ ንስርም የለ፣ ገደልም የለ። ከወንበር በላይ ወጥቼ አላውቅም። ፈርቻለሁ።»

እናትየው ልጇን ልትወስድ ቦርሳውን ይዛ ብድግ አለች።

ልጅቷ ገመዱን ወጠር አደረገች። «ይዤሃለሁ ጋሼ። እጅህን ልቀቅና ቀበቶህ ላይ ቁጭ በል።»

«ብወድቅስ?»

«የያዝኩህ እኔ ነኝ እንጂ ግድግዳው አይደለም።»

አንድ ጣቱን ላቀቀ። ከዚያ ሌላውን። ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ውኃ ባልዲ እየተሽከረከረ ወረደ።

«ጦጣ ስንለው ጆንያ ሆነ!» አለ ጎረምሳው።

ልጅቷ ገመዱን ከጦጣው ቀበቶ ፈታች። መሬቱን አየች፣ ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ ገመዱን የራሷ ቀበቶ ላይ ቋጠረችና ሌላኛውን ጫፍ ዘረጋችለት።

«እኔም እየፈራሁ ነው። ያዝልኝ።»

እናትየው ትክ ብላ አየችው። ምላሱ ለውሸት ደርሳ ነበር፦ «ስንቱን በዚህ እጄ ይዣለሁ፣ አንዴማ ዝሆን...» ውሸቷን ዋጣት።

«እኔ መያዝ አልችልም» አለ። «አሰልጣኟን ጥሩልኝ።»

እናትየው ልጇ ስትወጣ ልታይ ተመልሳ ተቀመጠች። ጦጣው የጀማሪዎቹ አግዳሚ ጫፍ ላይ ሄዶ፣ ቀበቶውን ሳይፈታ፣ ከጎረምሳው ቀጥሎ ለመማር ተራ ያዘ።