ባለ ጫማዋ መኪና

የደባሱ መኪና ከሞተች ቆይታለች፤ ይህን ለደባሱ ደፍሮ የሚነግረው ሰው ግን አልተገኘም። በእስራኤሏ ከተማ በቂርያት ማላኪ፣ ከቤታቸው ጎን ባለችው ጠባብ ጋራዥ መሃል፣ የሞተሯ ግማሽ በሆዷ፣ ግማሹ በባልዲ ሆኖ ተገትራለች። እሱ ግን ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ ሰላም የሚላት እሷን ነው።

"ሚስትህ እኔ ነኝ ወይስ ያቺ?" ትለዋለች ጠጅቱ።

ልጃቸው ታሊ ከአባቷ ወገን ናት። ለምን ቢሉ፣ መኪናዋ የተነሳች ቀን የታሊ ልትሆን ቃል ተገብቶላታል። ዕድሜዋ ገና አሥራ ስድስት ነው፣ መንጃ ፈቃድም የላትም፤ በልቧ ግን እየነዳች ቴል አቪቭ ደርሳ ተመልሳለች።

ጣጣው የመጣው በታላቅ እህቷ በሸጌ በኩል ነው። እጮኛዋ ሊኦር ሽማግሌዎቹን ይዞ ረቡዕ ከገዴራ ሊመጣ ሆነ። የቤቱ ሳሎን ደግሞ አንዱ ካልተነሳ ሌላው የማይቀመጥበት ነው። ጠጅቱ ፈረደች።

"እንግዶቹ ጋራዡ ውስጥ ይቀመጣሉ። ያቺ ቆርቆሮ ቦታ ካልለቀቀች፣ ለአሮጌ ብረት ሰብሳቢው ነግሬዋለሁ። ረቡዕ መጥቶ ይወስዳታል።"

"ውጭ ባወጣት እኮ ማዘጋጃ ቤቱ ይጎትታታል" አለ ደባሱ።

"ወደ ግድግዳው አስጠጋታ!"

"መኪና ወደ ጎን አይሄድም፣ ጠጅቱ።"

"እንግዲያው ወደ ብረት ሰብሳቢው ትሂድልኛ፣ ፊቷን አዙራ!"

ታሊ ያን ዕለት ስልኳን ስትጎረጉር አንድ ሰውዬ መኪናውን በአንድ እጁ ወደ ጎን ሲገፋ አየች። በየጎማው ሥር፣ ከታች ዙሪያውን የሚሽከረከሩ ትንንሽ እግሮች ያሉት የብረት ማስቀመጫ አለ።

"አባዬ፣ ና እይ! መኪናዋን የቸገራት ጫማ ነው!"

"ይሸጣል?"

"ይሸጣል፤ ዋጋውን ብታየው ግን ካንተ ቀድማ መኪናዋ ታለቅሳለች። እንሥራው።"

ብረቱ ከቤት ተገኘ። ሶኽኑት የሚባለው መሥሪያ ቤት ወደ እስራኤል ለሚገባ አዲስ ሰው የሚያድለው የብረት አልጋ፣ ያ የሰው ጀርባ የሚሰብር፣ ራሱ ግን የማይሰበር አልጋ፣ ደረጃ ሥር ተከምሮ ነበር። እግሮቹ ደግሞ ደባሱ ከሚሠራበት ያቭነ ካለው ፋብሪካ መጡ፤ ከተጣሉ የዕቃ ጋሪዎች ላይ ፈታቸው፣ አለቃውም "ውሰድ፣ ቦታ አስለቀቅህልኝ" አለው። የቀረው መበየድ ነው። ለዚያ ደግሞ የጠጅቱ ወንድም በያጁ ያረጋል እዚያው ያቭነ አለ።

"አጎቴ፣ አጥብቀህ በይድ። ሕይወቴ ነው ያለበት" አለችው ታሊ።

"ያንቺ ነው የመኪናዋ?"

"አንድ ነን።"

"ወይ ጉድ! እህቴ ልጅ ወለደች ስንል ምላስ ነው ለካ የወለደች!"

አልጋው ተቆራርጦ መሃሉ ጎድጎድ ያለ አራት ጫማ ሆነ። ማክሰኞ መኪናዋን በክሪክ እያነሱ አንድ በአንድ አጫሟት። ታሊ በአንድ እጇ ብትገፋት፣ መኪናዋ እንደ አዲስ ሙሽራ እየተሽኮረመመች ወደ ግድግዳው ሄደች! ደባሱ ትከሻው ብቻውን እስክስታ ወረደ። ጫማዎቹ ፍሬን ስለሌላቸው፣ እንዳትንሸራተት በየእግሩ ሥር የእንጨት ቁራጭ ሸጎጠ። "ቤሰደር፣ ሁሉ ደህና! አሁን ጠጅቱ ትምጣ!" አለ።

ጠጅቱ መጣች። ረቡዕ ጠዋት፣ እንግዳ ሲመጣ እንደ ልማዷ፣ ስፖንጃ ልትሠራ መጣች። ባልዲውን በወለሉ ላይ ደፍታ፣ ውሃውን በጎማ መጥረጊያ ወደ በሩ ነዳችው። የዚያ አገር ወለል እኮ ውሃው እንዲወርድ ተብሎ ወደ በሩ ዘቅዘቅ ይላል። ከመኪናዋ ሥር የእንጨት ቁራጮች አገኘች። "ቆሻሻ ሲያከማች!" ብላ ሰብስባ ጣለቻቸው። ማንም አላየም።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ጋራዡ ሞላ። የሊኦር አያት አባ ውበቱ ነፋስ ፈልገው በሩ ላይ ተቀመጡ። ሊኦር መኪናዋን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ዋናው ነገር ተጀመረ። ልጆቹ ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ አባ ውበቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ትውልዱን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ያዙ። መሃል ላይ ሰው የገባባቸው እንደሆነ ከሥሩ ነው የሚጀምሩት። አንዴ የያረጋል ስልክ ጮኾ እንደገና አስጀምሯቸዋል፤ ሸጌም አጎቷን በዓይኗ ልትበላው ደርሳ ነበር።

ሊኦር ወንበር ተሰጥቶት ሲቀመጥ፣ መኪናዋ በቀስታ ተከተለችው።

ታሊ አየች። የእንጨቶቹ ቦታ ባዶ ነው፤ መኪናዋ በእርጥቡ ወለል ቁልቁል ወደ አባ ውበቱ ወንበር ትሳባለች። ብትጮህ ቆጠራው ይፈርሳል፣ እህቷ ትገድላታለች። ዝም ብትል ሽማግሌው ይገፋሉ፣ መኪናዋም ከብረት ሰብሳቢው ጋር ትሄዳለች። ከፊት ዞራ በጀርባዋ ደገፈቻት። ነጠላ ጫማዋ እየተንሸራተተ፣ ለእንግዶቹ ፈገግ እያለች፣ ከመኪናዋ ጋር አብራ ቁልቁል ሄደች።

ደባሱ ዓይኗን አይቶ ገባው። ቀስ ብሎ ተነሳና ተደገፈ። ያረጋል ተከተለ። ሙሽራውም መጣ። አንድም ቃል የለም፤ ላብ ብቻ።

"...የእሷ አባት የቋራ፣ የእሱ እናት የደምቢያ። አይገናኙም! ንጹሕ ነው!" ብለው አባ ውበቱ ዓይናቸውን ገለጡ። የሙሽሪት ቤት ወንድ ሁሉ፣ ሙሽራው ሳይቀር፣ አንዲት መኪና ታቅፏል። "ምነው? እሷንም ልቁጠራት?"

ሴቶቹ እልል ሲሉ ወንዶቹ ሳያስቡት አጨበጨቡ። መኪናዋ ተለቀቀች! ታሊ "አባ!" ብላ ስትጮህ፣ ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ፣ መኪናዋም መዳፋቸው ላይ ደርሳ ቆመች። በሁለት ጣት መልሰው ገፏት፣ ሄደች። እንደገና ስትመጣ ገፏት፣ ሄደች። እንደ ሕፃን ሳቁ።

"ይኽን ማን ሠራው?"

"እኔና አባዬ፣ አጎቴም።"

"ገዴራ ያለው ልጄ ጋራዡን መኪናው ሞልቶበት በጎኑ እየተሽሎከለከ ነው የሚገባ። ለእሱም ሥሩለት እንጂ!"

ጠጅቱ እንጨቶቹን ማን እንደጣለ አሁን ገና ገብቷት ፊቷ ተለዋወጠ። ይኸኔ ብረት ሰብሳቢው በድምፅ ማጉያው እየጮኸ በሩ ላይ ቆመ። ታሊ የመኪናዋን በር ጨብጣ ያዘች።

ጠጅቱ ወጣ ብላ በሳህን የሞላ ምግብ ሰጠችው። "ያላ፣ በል እንግዲህ ወንድሜ፣ ብላና ሂድ። እዚህ ቤት የሚሸጥ ብረት የለም።"

ወንበር ያነሳቸው ሴቶች መኪናዋ ውስጥ ገብተው በሉ። ጠጅቱ መሪው ጋ ተቀመጠች። ታሊ ከውጭ ወደ ጎን ስትገፋቸው እናትየው በመስኮቱ ራሷን አውጥታ፣ "ቀስ በይ አንቺ! ወጡ እንዳይደፋ!" እያለች፣ ወጡን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ጡሩምባውን ትነፋ ጀመር።